ምን ላምጣልዎት ሲለኝ መርፌ አልኩት

ይኼ ጽሑፍ ረዘም ስለሚል ቡና ቀድታችሁ ብታነቡት ይሻላል።

ባለፈው ሰሞን የሸክላ ማጫወቻዬን ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ ኢንቦክሴ በአንድ ጥያቄ ተሞልቷል። «ከአሜሪካ መርፌ አስመጣህ የሚባለው እውነት ነው?» እውነት ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻ ከምመልስ አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊዚክስ ያስተማርኩት አንድ ልጅ አሁን አሜሪካ ይኖራል። ቤተሰብ ሊጠይቅ ሲነሳ ደወለልኝና «ቲቸር፣ ምን ላምጣልዎት?» አለኝ። ጫማ፣ ስልክ፣ ጃኬት እያለ ደረደረ። «መርፌ» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስኳር ጀመረዎት እንዴ?» ኧረ የለም፣ የሸክላ መርፌ ነው! ልጁ ተነፈሰ። ደስ ብሎትም በማግስቱ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ የሚያወጣ ካርትሪጅ ፎቶ ላከልኝ። «ይኼ ምርጡ ነው ተብሏል» ይላል። ዋጋውን ወደ ብር አስልቼ ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

ውዱን አላስመጣሁም። ያላስመጣሁት ግን ልጁን እንዳላስቸግረው ብዬ ብቻ አይደለም። ለእኔ ሸክላዎች የሚሆነው እሱ አልነበረም። ለምን እንዳልሆነ ለማስረዳት መጀመሪያ ስለ ሸክላዎቹ ልንገራችሁ።

ሸክላዎቹ የአጎቴ ናቸው። አዲስ አበባ መንግሥት ሥራ ላይ ሳሉ በወጣትነታቸው የገዟቸው 42 ሸክላዎች። አብዛኞቹ ትንንሾቹ፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት፣ በየፊታቸው አንድ አንድ ዘፈን የያዙት ናቸው። ጥቂት ትልልቆች አሉ። ሦስት ደግሞ ከሁሉም የሚያረጁ፣ ባለ 78 ዙር፣ ቢወድቁ እንደ ጀበና የሚሰበሩ። ጥላሁን ገሠሠ አለ፣ ብዙነሽ በቀለ አለች፣ ሂሩት በቀለ፣ ዓለማየሁ እሸቴ፣ ማህሙድ አህመድ። አጎቴ እያረጁ ሲሄዱ «አንተ ትጠብቃቸዋለህ» ብለው ከነማጫወቻው ሰጡኝ። ከአዲስ አበባ አሶሳ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ማጫወቻውን አውቶቡሱ ላይ አስጫንኩት፤ ሸክላዎቹን ግን ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የመጣሁት። ረዳቱ «ምንድን ነው፣ እንቁላል ነው?» ሲለኝ «ከእንቁላል የባሰ ነው» አልኩት።

ለምን «የባሰ» እንዳልኩ ታሪኩን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ለማታውቁት ባጭሩ ልበል። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። አምሃ እሸቴ የሚባል ሙዚቃ ወዳድ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1969 ያንን ክልከላ አልፎ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ። የመጀመሪያው ዘፋኙ ዓለማየሁ እሸቴ ነበር። ቀረጻው አዲስ አበባ፣ ሕትመቱ ውጭ አገር። እስከ 1975 ድረስ አምሃ ሪከርድስ 103 ትንንሽ ሸክላዎችና 12 ትልልቅ ሸክላዎች አወጣ። ፊሊፕስም፣ ካይፋ ሪከርድስም ነበሩ። የማህሙድ አህመድን «እሬ መላ መላ» በ1975 ያወጣው ካይፋ ነው። ከዚያ ደርግ መጣ፣ የሰዓት እላፊ መጣ፣ ካሴት መጣ። ሸክላው ቀረ። በቃ፣ ዘመኑ በሙሉ አሥር ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላም።

እርግጥ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚለው ተከታታይ ሥራው ብዙ ዘፈኖችን በሲዲ መልሶ አሳትሟል። ባለውለታችን ነው። ግን ሁሉንም አይደለም። አጎቴ ሳጥን ውስጥ ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ ፈልጌ ያጣኋቸው ዘፈኖች አሉ። የእነዚያ ዘፈኖች ቤት እኔ የማውቀው ያቺ አንዲት ሸክላ ብቻ ናት። እሷ ከተፋቀች ዘፈኑም አብሮ ተፋቀ ማለት ነው። አምሃ እሸቴም ዓለማየሁ እሸቴም እ.ኤ.አ. በ2021፣ በአንድ ዓመት ውስጥ አርፈዋል። እንደገና እንዲቀዱት የምትጠይቀው ሰው የለም።

አሁን ወደ መርፌው።

ካርትሪጅ ማለት በማጫወቻው ክንድ ጫፍ ላይ የምትሰካ፣ ከክብሪት ቀፎ የምታንስ ዕቃ ናት። ከሥሯ ከጤፍ ቅንጣት የምታንስ አልማዝ አለች፤ መርፌ የምንላት እሷን ነው። ሸክላው ላይ የተቆፈረው ቦይ ግድግዳው ወዲህና ወዲያ ይዋዥቃል። መርፌዋ በቦዩ ውስጥ ስትሄድ አብራ ትንቀጠቀጣለች። ከኋላዋ ቀጭን ዘንግ አለ፤ በዘንጉ ጫፍ ማግኔት፤ በማግኔቱ አጠገብ የመዳብ ሽቦ ጥቅል። ማግኔቱ ሲንቀሳቀስ ጥቅሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ተማሪዎቼ የነበራችሁ «ፋራዳይ!» ብላችሁ እንደጮኻችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። የሚፈጠረው ግን አራትና አምስት ሚሊቮልት ብቻ ነው። ማጉያው እሱን ብዙ ጊዜ አብዝቶ ነው ድምፅ የሚያደርገው። ስለዚህ መርፌዋ ጋ የተበላሸ ነገር አብሮ ይባዛል። ውድ ስፒከር አያስተካክለውም።

ከዚህ ሁሉ ዕቃ ሸክላውን የምትነካውም መርፌዋ ብቻ ናት። የምትነካው ደግሞ በ2 ግራም ገደማ ክብደት ነው። «ሁለት ግራም ምን አላት?» ትሉ ይሆናል። እስቲ እናስላው። ግፊት ማለት ኃይል ሲካፈል ለስፋት ነው። 2 ግራም ወደ ኒውተን ሲቀየር 0.0196 ይሆናል። መርፌዋ ሁለቱን የቦይ ግድግዳዎች የምትነካበት ቦታ በድምሩ 100 ካሬ ማይክሮን ነው ብለን ለስሌት ያህል እንውሰድ። ስናካፍለው 196 ሚሊዮን ፓስካል ይመጣል። ከአየር ግፊት 1,900 እጥፍ በላይ ማለት ነው! የባጃጅ ጎማ ውስጥ ያለው ግፊት ሁለትና ሦስት እጥፍ ቢሆን ነው። እንግዲህ ይኼ ሁሉ ጫና ያረፈው በፕላስቲክ ላይ ነው። ጫፏ ለስላሳ ክብ ከሆነ ፕላስቲኩ ይችለዋል። ጫፏ ስል ጠርዝ ካወጣ ግን ትቆርጠዋለች።

አልማዝ ደግሞ ያልቃል። ኦዲዮ ቴክኒካ ራሱ የሚሰጠው ግምት ክብ ጫፍ 500 ሰዓት፣ ሞላላ ጫፍ 300 ሰዓት፣ ማይክሮላይን የሚባለው ቀጭን ጫፍ 1,000 ሰዓት ነው። ከአጎቴ ማጫወቻ ጋር የመጣችው መርፌ ስንት ሺህ ሰዓት እንደሠራች እግዜር ይወቀው። ስለዚህ አንዲት ሸክላ እንኳ ሳላስነካት ትምህርት ቤት ወስጄ በባዮሎጂ ማይክሮስኮፕ አየኋት። ብርሃኑ ከሥር ሲመጣ ጥላዋ ብቻ ስለሚታይ በስልክ ባትሪ ከጎን አበራሁባት። ክብ መሆን የነበረበት ጫፍ በሁለቱም ጎን ተልጦ ጠፍጥፏል፤ ጠርዙ እንደ መሮ። ተማሪዎች ተሰልፈው እያዩ አንዱ የገበሬ ልጅ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ቲቸር፣ ይኼ እኮ ማረሻ ነው!» ከዚያ የተሻለ መግለጫ እስከ ዛሬ አላገኘሁም። እሷን ሸክላ ላይ ማሳረፍ የአጎቴን ወጣትነት ማረስ ነበር።

ምርጫው ሦስት ላይ ደረሰ። ለሚጠይቁኝ እንዲጠቅም በየተራ ላስቀምጠው።

1. ዴኖን ዲ ኤል 103። ጃፓን ውስጥ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለኤን ኤች ኬ የስርጭት ሥራ ታስቦ የተሠራ፣ እስከ ዛሬም የሚመረት፣ ብዙ አድማጭ የሚምልበት ካርትሪጅ ነው። ጫፉ ክብ፣ ክብደቱ 2.5 ግራም። እዚህ የሚንቀሳቀሰው ማግኔቱ ሳይሆን የሽቦው ጥቅል ነው። ልጁ ፎቶውን የላከልኝ ውድ ካርትሪጅም የዚሁ ወገን ነው። ጥቅሉ ቀላል ስለሆነ ረቂቅ ድምፅ ያወጣል ይባላል፤ እኔም አምናለሁ። ሁለት ችግር ግን አለበት። አንደኛ የሚያመነጨው 0.3 ሚሊቮልት ብቻ ስለሆነ ሌላ ማጉያ ይፈልጋል። ሁለተኛው ይብሳል፤ መርፌዋ ስታልቅ በእጅ ነቅለህ አትቀይራትም። ካርትሪጁ እንዳለ ወደ ባለሙያ ይላካል፣ ወይም ሌላ ይገዛል። ከአሶሳ ወዴት ነው የምልከው?

2. ኦርቶፎን 2ኤም። የዴንማርክ ኩባንያ ነው፤ የተመሠረተው በ1918። ቀዩ በ1.8 ግራም ይሠራል፤ መርፌው ይቀየራል፤ የሰማያዊው መርፌ በቀዩ አካል ላይ ይገባል። ለሞኖ ሸክላ ብቻ የተሠራም አላቸው። መልካም ምርጫ ነው፤ ለጥቂት ነው የቀረው።

3. ኦዲዮ ቴክኒካ ቪ ኤም 95። የመረጥኩት ይኼን ነው። ምክንያቱም አካሉ አንድ ሆኖ ልዩ ልዩ መርፌ በእጅ እየነቀሉ መሰካት ይቻላል። ክብ ጫፍ አለ፣ ሞላላ አለ፣ ማይክሮላይን አለ፣ ለባለ 78 ዙር የሚሆን ወፍራምም አለ። ለልጁ «አንድ አካልና ሦስት መርፌ፤ ክብ፣ ማይክሮላይን፣ ባለ 78» ብዬ ላክሁለት። ሦስቱም ተደምረው ያኛው ውድ ካርትሪጅ ዋጋ አጠገብ አይደርሱም።

ሦስት መርፌ ለምን? ሸክላዎቹ ሦስት ዓይነት ስለሆኑ ነዋ። የባለ 78 ዙር ሸክላ ቦይ ሰፊ ነው። ለእሱ 76 ማይክሮን ገደማ የሆነ ጫፍ ያስፈልጋል፤ የዘመኑ መርፌ ከገባበት ቦዩ ሥር ወርዶ አቧራውን ነው የሚያነብበው። በነገራችን ላይ የእኛ ሙዚቃ ሸክላ ላይ የወጣው ከአምሃ ብዙ ቀድሞ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። የኳስ ወዳጆች የምታውቋቸው የይድነቃቸው ተሰማ አባት ናቸው። የእሳቸው ሸክላ ያለው ሰው ካላችሁ ግን፣ በእናታችሁ፣ በተራ መርፌ እንዳታጫውቱት።

ትንንሾቹ ሸክላዎች ደግሞ ብዙ የተጫወቱ ናቸው። ቡና ቤት የቆዩ፣ ድግስ የዞሩ፣ በከባድ ክንድ የተረገጡ። እዚህ ላይ የሚገርም ነገር አለ። የድሮው ክብ መርፌ የቦዩን ግድግዳ የበላው በአንድ ከፍታ ላይ ነው። ማይክሮላይን ጫፍ ግን ግድግዳውን ከላይ ወደ ታች ረዘም ባለ ቀጭን መስመር ስለምትነካ፣ ያኛው ያልደረሰበትን፣ ገና ያልተበላውን ክፍል ልታገኝ ትችላለች። የሞተ የመሰለ ሸክላ አንዳንዴ ነፍስ ይዘራል። አንዳንዴ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ቀጭኗ መርፌ ጭረቱንም ቆሻሻውንም አብራ ትለቅማለች፣ ክቧ ግን ታልፈዋለች። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሸክላ ሁለቱንም ሞክሬ የሚሻለውን ሽፋኑ ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ። «ውዱ ይሻላል» የሚባል ሕግ የለም።

አሁን ገጠማው። ልጁ ዕቃውን አምጥቶ «በቃ ይሰካ» ሲል «ቆይ ቅዳሜን በሙሉ ስጠኝ» አልኩት። አብሮኝ ዋለ።

መጀመሪያ ውሃ ልክ። ከግንበኛ ጎረቤቴ ተውሼ ማጫወቻውን በቀርከሃ ጠረጴዛው ላይ በአራቱም በኩል አስተካከልኩት። ማጫወቻው ያጋደለ ከሆነ ከዚያ በኋላ የምትለካው ሁሉ ውሸት ነው።

ከዚያ አራቱ ሽቦዎች። ነጭ የግራ ፖዘቲቭ፣ ሰማያዊ የግራ ኔጋቲቭ፣ ቀይ የቀኝ ፖዘቲቭ፣ አረንጓዴ የቀኝ ኔጋቲቭ። ከፀጉር ትንሽ ወፈር ቢሉ ነው፤ በወረንጦ ይዞ ቀስ ብሎ ነው። ካርትሪጁን የሚያስሩት ሁለት ብሎኖች በ12.7 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ናቸው። መጀመሪያ ላላ አድርጎ ማሰር፣ ማጥበቅ በመጨረሻ።

ቀጥሎ አቅጣጫ። ሸክላው ሲቀረጽ የቀረጸው መሣሪያ ቀጥ ብሎ ወደ መሃል ነው የሚሄደው። የእኛ ክንድ ግን አንድ ቦታ ተተክሎ እንደ በር ስለሚዞር ማዕዘኑ በየቦታው ይለያያል። በልኩ የሚገጥመው ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ነው። በታወቀው የቤርዋልድ ስሌት ከመሃሉ 66 ሚሊ ሜትርና 120.9 ሚሊ ሜትር ላይ። ለዚህ መስመር የተሳለበት ወረቀት አለ፤ ከኢንተርኔት ወርዶ ፎቶ ኮፒ ቤት ይታተማል። ምክር፦ ማተሚያው ወረቀቱን ለማብቃቃት ጥቂት ስለሚያሳንሰው ከመጠቀማችሁ በፊት በማስመሪያ ለኩት። 100 ሚሊ ሜትር ያለው 97 ከሆነ መልሱለት።

የትንንሽ ሸክላ ባለቤቶች ደግሞ ይኼን ልብ በሉ። የእነሱ ጠርዝ ራሱ ከመሃል 87 ሚሊ ሜትር ገደማ ላይ ያልቃል። 120.9 የሚባለው ነጥብ ከሸክላው ውጭ አየር ላይ ነው ያለው! ለእናንተ የምትሠራው የ66ቷ ነጥብ ብቻ ናት። እኔ ሁለቱንም ከገጠምኩ በኋላ በ66ቷ ላይ በጎጉሊ መነፅር ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አየሁ። ምክንያት አለኝ። ሸክላው ወደ መሃል በሄደ ቁጥር በመርፌዋ ሥር የሚያልፈው ቦይ ይዘገያል። በ45 ዙር ዳር ላይ በሰከንድ 39 ሳንቲ ሜትር ያህል ያልፋል፤ ወደ መጨረሻው 26 ገደማ ይደርሳል። ያው ድምፅ በጠበበ ቦታ ተጨፍልቆ ማለት ነው። መርፌዋ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከሳተች የመጀመሪያ የምትሻክረው እዚያ ነው። የእኛ ዘፈኖች ደግሞ የሚሞቁት መጨረሻ ላይ ነው፤ ሳክስፎኑም፣ አጃቢውም፣ ዘፋኙም አንድ ላይ የሚነሱት። እዚያ ላይ ከሻከረ ምኑን ሰማሁት?

ከዚያ ሚዛን። አሶሳ ያላችሁ ገና ሳልጽፈው ገምታችኋል። ወርቅ አገር ላይ ተቀምጬ ሚዛን ልቸገር? ወርቅ የሚገዛ ወዳጄ ጋ ሄጄ እስከ 0.01 ግራም የሚያነብብ ሚዛኑን ተዋስኩ። «ምን ልትመዝን ነው?» አለኝ። «አልማዝ» አልኩት። አብሮኝ ካልመጣሁ ብሎ መጣ! በወርቅ ሚዛን ለምትሠሩ ሁለት ነገር ልብ በሉ። የሚዛኑ ላይኛው ክፍል ብረት ከሆነ የካርትሪጁ ማግኔት ይስበዋልና ቁጥሩ ይዋሻል፤ ስለዚህ የፕላስቲክ ክዳን አስቀምጣችሁ ዜሮ አድርጉና መርፌዋን ክዳኑ ላይ አሳርፉ። ሁለተኛ፣ መርፌዋ በምትመዘንበት ጊዜ ከፍታዋ ሸክላው ላይ ስታርፍ ካላት ከፍታ ጋር እኩል ይሁን። እኔ የሚሽከረከረውን ሳህን አውጥቼ ሚዛኑን በሥፍራው በካርቶን ደልድዬ አስቀመጥኩት። የኋላውን ክብደት በጥቂት በጥቂቱ እያዞርን 2.14፣ 1.93፣ 2.03፣ ከዚያ 2.00። ኩባንያው ከ1.8 እስከ 2.2 ይፈቅዳል። ወዳጄ «እኔ ለደንበኛ እንኳ እንዲህ አልጨነቅም» ብሎ ሳቀ።

«ሸክላው እንዳይጎዳ ከዚህም አቅልለው» የሚሉ ብዙ ናቸው። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። በጣም የቀለለች መርፌ ቦዩን ጥብቅ አድርጋ ስለማትይዝ ጮክ ባለ ድምፅ ላይ ትዘላለች፣ ተመልሳ ስትወድቅ ግድግዳውን ትመታለች። ከተፈቀደው በታች ከመሆን መሃሉን መያዝ ይሻላል።

የቀረው በዓይንና በጆሮ ነው። የሴት ቦርሳ መስተዋት ሸክላው ቦታ ላይ አስቀምጬ መርፌዋን ከፊት አየኋት፤ እሷና ጥላዋ ቀጥ ያለ አንድ መስመር ከሠሩ አላጋደለችም። ስኩዌር ወረቀት ከክንዱ ኋላ አቁሜ ክንዱ ከሸክላው ጋር ትይዩ መሆኑን አረጋገጥኩ። ከዚያ ክንዱን ወደ መሃል የሚስበውን ኃይል የሚመልሰው ማስተካከያ። በቀኝ ስፒከር ብቻ ድምፁ ከሻከረ መርፌዋ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ተጠግታለች ማለት ነው፣ ማስተካከያውን ትንሽ መጨመር። በግራ ከሆነ መቀነስ። ለዚህ የሞከርኩት ልጁ ጨምሮ ባመጣልኝ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ አሜሪካ በታተመ ዳግም ሕትመት ነው። ፒያኖ አይዋሽም። ፍጥነቱ ቢዛባ፣ መርፌዋ ብትስት፣ ወዲያው ይናገራል። ደግሞ አዲስ ሸክላ ስለሆነ ሙከራው ቢጎዳው ሌላ ይገዛል፤ የአጎቴ ግን ሌላ የለውም።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ (መብራት አንዴ ሄዶ ከመጣ በኋላ) የመጀመሪያዋን ትንሽ ሸክላ አጥቤ፣ አድርቄ፣ አስቀመጥኩ። ከመዝፈኗ በፊት የምትስበው ትንፋሽ ተሰማ። ትንፋሽ! ከዚያ ባስ ጊታሩ፣ እያንዳንዱ ጣት ለብቻው። ወርቅ ገዢው ወዳጄ ቁጭ ብሎ የነበረው ተነሳ። ለአጎቴ ደውዬ ስልኩን ስፒከሩ አጠገብ አደረግሁላቸው። ዘፈኑ እስኪያልቅ ምንም አላሉም። ሲያልቅ «ይኼ የእኔዋ ሸክላ ናት?» አሉኝ። «አዎ ጋሼ» አልኳቸው። «እኔ ጋ እያለች እንዲህ አልዘፈነችም» አሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራዬ ይኼ ነው። ሸክላ ይታጠባል፣ የሚስማማው መርፌ ይመረጣል፣ አንዴ ይጫወታል፣ በዚያችው አንዴ ኮምፒውተር ላይ ይቀዳል፣ ሁለት ቦታ ይቀመጣል፣ ሸክላው ያርፋል። ያሉኝ አብዛኞቹ ሞኖ ስለሆኑ ከተቀዱ በኋላ ግራና ቀኙን አንድ አደርጋቸዋለሁ። የሞኖ ቦይ ወደ ጎን ብቻ ነው የሚዋዥቀው፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመጣው ጫጫታ ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ ጫጫታው እርስ በርሱ ይጠፋፋል። እስካሁን 17 ደርሻለሁ። ኢንተርኔት ላይ ካጣኋቸው አራቱ ተቀድተዋል።

አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። ፎቶውን ካያችሁ አንዷ የቀድሞ ተማሪዬ፣ የበርታ ልጅ ናት፣ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ቲቸር፣ ሁሉም የአዲስ አበባ ነው። የእኛስ ሸክላ ላይ አለ?» ጥያቄዋ ሁለት ቀን እንቅልፍ ነሳኝ። ፈለግሁ። አለ። ሮበርት ጎትሊብ የሚባል ባለሙያ ከድንበሩ ማዶ፣ በሱዳን የብሉ ናይል ግዛት የቀዳቸው ሁለት ሸክላዎች በጀርመኑ ቤረንራይተር ሙዚካፎን ታትመዋል። አንዱ የጉሙዝ ሙዚቃ ብቻ ነው። ሁለተኛው የኢንገሰናና የበርታ። ድንበሩ ለወረቀት ነው እንጂ ለቅል ጥሩምባ የለም፤ ማዶ የሚነፋው እዚህም በየሠርጉና በየበዓሉ የምንሰማው ነው። እያንዳንዱ ነፊ የራሱን አንድ ድምፅ ብቻ ይዞ፣ ተራውን ጠብቆ ሲገባ፣ አንድ ላይ አንድ ዜማ የሚሆነው። የእሷ አያቶች ድምፅ የተቀረጸበት ቦይ አለ ማለት ነው፤ ግን አውሮፓ መደርደሪያ ላይ ነው። እሷም እኔም ሰምተነው አናውቅም።

ያን ሸክላ እየፈለግሁ ነው። ውጭ ያላችሁ፣ አሮጌ ሸክላ መሸጫ ከገባችሁ፣ ሰማያዊ ጂንስ ከማየታችሁ በፊት እሱን እዩልኝ። ሲመጣ የሚጠብቀው መርፌ ዝግጁ ነው፤ በ2.00 ግራም። የመጀመሪያ አድማጭ ማን እንደሆነችም ታውቋል።

እስከዚያው አደራ። ቤታችሁ፣ አያቶቻችሁ ቤት፣ ቁም ሳጥን ላይ ሸክላ ካለ፦

• ከማጫወቻው ጋር በኖረችው አሮጌ መርፌ «እስቲ ይሠራ እንደሆነ» ብላችሁ አታስነኩት። መጀመሪያ መርፌዋን አስመርምሩ፤ ማይክሮስኮፕ ያለው ትምህርት ቤት አይጠፋም።

• አቁማችሁ አስቀምጡት እንጂ አትደራርቡት። በተለይ እዚህ እኛ ጋ በበጋው ሙቀት ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከደረደራችሁት እንደ ቂጣ ይጎብጣል።

• ፊቱን በጣት አትንኩ፤ በጠርዙና በመሃሉ ወረቀት ያዙት።

• አትጣሉት። መጫወቻ ከሌላችሁ አሶሳ አለ። አምጡት፣ አብረን እንሰማዋለን፣ ቀድቼ ሸክላውን ከነቅጂው እመልስላችኋለሁ። ሻይ በእኔ ነው፤ በወቅቱ ከመጣችሁ ማንጎም አለ።

ለልጄ፣ ለአሜሪካው፦ ጫማውን ግን ለሚቀጥለው ዓመት ያዝልኝ፤ ቁጥሬ 42 ነው።